ዳገት ላይ ብቻ የሚያም ጥርስ

ሰኞ፣ 4

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፦ ከታችኛው መንጋጋዬ በስተግራ የሚገኘው የመጨረሻው ጥርሴ ከረጅምና ታማኝ አገልግሎት በኋላ በዛሬው ዕለት፣ በምሳ ሰዓት፣ በገዛ ፈቃዱ መሰናበቱን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። የስንብቱ ምክንያት የደረቀ ዳቦ ነው። ሟች ጎረቤቶቹ ቀድመውት ስለሄዱ በዚያ ሰፈር ብቻውን ነበር የሚኖረው።

ይህንኑ አዋጅ ማታ ራት ላይ፣ ከወንበሬ ተነስቼ፣ ጥርሱን በሻይ ማንኪያ ይዤ ለልጅ ልጄ አሰማኋት። ሳቀች። የጠጣችው ውኃ በአፍንጫዋ እስኪወጣ ሳቀች። «አባባ፣ አንተ ደግሞ!» አለችኝ። ከሳቀች ስለቆየች ጻፍኩት። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ወሩን አልጽፍም፤ ወሩ ራሱን ያውቃል።

ረቡዕ፣ 6

ይህን ደብተር የሚሰርቅ ሌባ ግራ እንዳይገባው የቤቱን ሰዎች ላስተዋውቅ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። የልጅ ልጄ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። እኔ «ቁንጫ» ነው የምላት፤ ሕፃን ሳለች ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ ትከሻዬ ስትዘል ነበር የምትውለው። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ሌላ ከተማ ትሠራለች፤ ማታ ማታ ትደውላለች። ኮሌጁ ከሰፈራችን በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ቁንጫ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ያን ዳገት ዕድሜዬን ሙሉ በአውቶቡስ ስወጣው ኖሬአለሁ። ፌርማታዎቹን ተኝቼም አልረሳቸውም፦ ዳቦ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ የድንጋይ አጥሩ፣ የኮሌጁ በር።

ቁንጫ አሁን አትዘልም።

ዓርብ፣ 8

መጋረጃዋን ቀኑን ሙሉ አልገለጠችውም። «ትምህርት የለም?» ብላት «ተሰርዟል» አለችኝ። ትናንትም ተሰርዞ ነበር። ከትናንት ወዲያም። የዚያ ኮሌጅ መምህራን በሙሉ አልጋ ላይ ከዋሉ መንግሥት ሊያውቀው ይገባል።

እናቷ ደወለች። «እንዴት ናት፣ አባዬ?»

«ተመችቷታል። ልብሷ ሁሉ ጠቧታል።»

(ቀበቶዋ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር የበሳሁላት ባለፈው ሳምንት ነው።)

እሑድ፣ 10

ቁንጫ ከጠዋት ጀምራ ክፍሏን አጸዳች። መሳቢያዎቹን ገለበጠች፤ ልብሷን አጣጥፋ ደረደረች፤ ግድግዳው ላይ የለጠፈቻቸውን ፎቶዎች ሳይቀር አንድ በአንድ አነሳች። «ክፍልሽ ውስጥ ላም ቢጠፋ አይገኝም» እያልኩ ስነዘንዛት የኖርኩ ሰው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀዩን ሹራቧን ከላያችን ላለችው ጎረቤታችን፣ ለነርሷ ሰጠቻት። «ለልጅሽ ይሆናታል» ብላ። የምትወደው ሹራብ ነበር። ማታ ደግሞ የእጅ ሰዓቷን ከሳህኔ አጠገብ አኖረችው።

«አንተ ያዘው፣ አባባ። ሰዓት ትወዳለህ።»

«የሴት ሰዓት አስሬ አደባባይ ልወጣ ነው?»

«እንግዲያው አስቀምጠው።»

ደግ ልጅ ናት። ድሮም ደግ ናት። ብቻ ሰው ልደቱም ሳይሆን፣ ሠርግም ሳይኖር እቃውን ሲያድል... እንጃ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ራቱ ከብዶኝ ይሆናል።

ሰኞ፣ 11

የሰው ስልክ ማዳመጥ ነውር ነው። እኔም አላዳመጥኩም፤ ጆሮዬ በሯ ላይ ደገፍ ብሎ ነበር እንጂ።

«...ደግሜ ብፈተን ባልፈተን ምን ለውጥ አለው?» ትላለች ውስጥ ሆና። ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ የገበያ ዋጋ እንደምትነግር። «አይ፣ እውነቴን ነው። እኔ ባልኖር ማን ይጎድልበታል? ማንም አይጎድልበትም።»

ከዚያ ስልኩን ዘጋች።

አንኳኩቼ ገባሁ። ልላት ያሰብኩት ብዙ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ ስታየኝ ያሰብኩት ሁሉ በየት በር እንደወጣ እንጃ።

«ጨው የት ነው ያለው?» አልኳት።

«ጨው ተከልክለህ የለም እንዴ?»

«ለማየት ነው።»

እንግዲህ ይኸው ነኝ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሳስቅ የኖርኩ ሰው ለአንዲት ልጅ የሚሆን አንድ የረባ ቃል አጣሁ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። ይነቅዛል። ዛሬ በአፍንጫዬ አሸተትኩት።

የምፈራውን በስሙ አልጠራውም፤ ስሙን የጠሩት ነገር ዞር ብሎ ያያል። እንዳላጣት ነው የምፈራው። እዚሁ ቤት፣ እዚሁ አጠገቤ እያለች እንዳላጣት። ይኼው ነው።

ማክሰኞ፣ 12

የቁንጫ ክፍል ቁልፍ ጠፋ። በጣም የሚገርም ነገር ነው።

«አባባ፣ የበሬን ቁልፍ አይተሃል?»

«አይጥ ወስዶት ይሆናል።»

«አይጥ ቁልፍ ምን ያደርግለታል?»

«የዘንድሮ አይጥ የማያደርገው አለ?»

ብዙ አየችኝ። አልሳቀችም። ከጥርሱ ወዲህ አልሳቀችም።

(አይጡ ቁልፉን የደበቀው በግራ ካልሲዬ ውስጥ ነው። ስራመድ ይቆረቁረኛል።)

ረቡዕ፣ 13

ነርሷን ደረጃው ላይ ጠብቄ ያዝኳት። «አንድ የማውቀው ሰው አለ» አልኳት። «የልጅ ልጅ አለችው። አትበላም፣ ከቤት አትወጣም፣ እቃዋን ታድላለች። ይህ ሰው ምን ይሻለዋል?»

ነርሷ የገበያ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ቀዩን ሹራብ ያሰበች መሰለኝ።

«ያ ሰው ቀልዱን ትቶ ፊት ለፊት ይጠይቃት። ብቻዋን አይተዋት። የኮሌጁ አማካሪ ጋ ትሂድ፤ እምቢ ካለች እኔ ይዣት እሄዳለሁ። ሰው መሀል ትግባ፣ አባባ። ሰው መሀል።»

«እነግረዋለሁ።»

«ይንገሩት። ደግሞ ያ ሰው ራሱ በደረጃ ሲወጣ እንዲህ የሚያለከልከው ለምንድን ነው?»

«ወፍራም ሰው ነው» አልኳት። እኔ እንደሚታወቀው ቀጭን ነኝ።

ሐሙስ፣ 14

ኮሌጁ ድረስ በእግሬ ወጣሁ። ሰው መሀል የሚባለውን ነገር ልፈልግ።

አንድ አስቂኝ ነገር ልመዝግብ፦ ከፋርማሲው አልፌ የድንጋይ አጥሩ ጋ ስደርስ ያ የሞተው ጥርሴ ያመኝ ጀመር። ጥርሱ የለም፤ ሕመሙ አለ። ከመንጋጋዬ ተነስቶ ወደ ግራ ትከሻዬ ወረደ፤ ቁጭ ስል ተወኝ። ተከራይ ወጥቶ እቃውን ትቶ ሲሄድ እንዲህ ነው።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የድሮ ተሳፋሪዬ ነው። «የልጅ ልጅህ ታማ ነው እንዴ? ካየኋት ቆየሁ» አለኝ።

«ትምህርት በዝቶባት ነው» አልኩት። ትምህርት በዝቶባት ከትምህርት ቤት ቀረች! አፌ እንዲህ ነው፤ ሳልጠይቀው ይመልሳል።

ከአጥሩ ኋላ የመረብ ኳስ ሜዳ አለ። ጫጫታ ሰምቼ ገባሁ። አንዲት ባለመነጽር ልጅ ኳሱን በቡጢ ብትለው አጥሩን ዘሎ የመምህር መኪና ላይ ዐረፈ፤ ጓደኞቿ ዋንጫ እንዳገኘ ሰው ተቃቀፉ።

«ይሄ የኮሌጁ ቡድን ነው?» አልኩት ጥበቃውን።

«ቡድን ይልልኛል! ይሄ መዝናኛ ነው። የሚችልም የማይችልም ይገባል። እነዚህ የማይችሉት ናቸው።»

ኳሱን ልታመጣ የወጣችው ረጅም ልጅ አየችኝ፤ ከጥበቃው ቤት ጣሪያ ትንሽ ነው የምታንሰው። «አባት፣ ሊጫወቱ ነው?»

«እኔ እንኳ ለትልልቅ ውድድር ነው የምጠራው» አልኳት። «የልጅ ልጅ ግን አለችኝ። ኳስ ስታይ ዓይኗን ትጨፍናለች።»

«በቃ የእኛ ሰው ናት!» አለች ረጅሟ። «አምስት ነን። ስድስተኛ ስንፈልግ ነው የከረምነው።»

ዓርብ፣ 15

ፊት ለፊት ልጠይቃት ስዘጋጅ ዋልኩ። ምሳ ላይ አፌን ከፈትኩ፤ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው?

«ነርሷ በየቀኑ ዳገት ውጣ ብላኛለች።»

«ውጣ።»

«ብቻዬን?»

«ምን አለበት?»

«አጥሩ ጋ ድፍት ብዬ ብቀር፣ መንገደኛ አንስቶ ለሌላ ቤተሰብ ቢሰጠኝስ? የማላውቃቸው ሰዎች አልቅሰውልኝ...»

«አባባ!» አለችኝ። ቀና አለች። ዓይኗን ካየሁት ቆይቻለሁ። «እንዲህ አትበል። እሺ፣ አብሬህ እወጣለሁ።»

«እዚያ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ኳስ የማይችሉ ልጆች አሉ። እነሱን እያማሁ ዐርፋለሁ።»

«እኔ ኳስ አልጫወትም። አንተን ለመጠበቅ ብቻ ነው።»

«ማን ኳስ ተጫወች አለሽ?»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ሰኞ እንጀምራለን። በመጫኛው የተጣለው ግን ማን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ማታ ጫማዬን ከአልጋው ሥር አውጥታ ተረከዙን ስትመረምር አየኋት።

ሰኞ፣ 18

ወጣን። ሾፌር በፌርማታ መካከል አይቆምም፤ ፌርማታ ላይ ደግሞ ሳይቆም አያልፍም። ይህ በደሜ ውስጥ ያለ ሕግ ነው። ዳቦ ቤቱ ጋ ቆሜ «መውረጃው በኋላ በር ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሰዎች ዞረው አዩን። ፋርማሲው ጋም ቆምኩ። ክፉው ከፋርማሲው እስከ ድንጋይ አጥሩ ያለው ነው፤ ረጅምና ቀጥ ያለ። መንጋጋዬ ጀመረኝ። መራመዴን ቀጠልኩ።

መሀል ላይ ስንደርስ ቁንጫ «ወራጅ አለ!» አለች።

«እዚህ ፌርማታ የለም፣ እመቤት።»

«ወራጅ አለ አልኩህ፣ ሾፌር! ጫማዬ ተፈታ።»

ጎንበስ ብላ ቀስ ብላ አሰረችው። እኔም ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅኳት። ሕመሙም ተወኝ። ያደረገችው ጫማ ክር የሌለው ነበር። ክር የሌለው ጫማ ሲታሰር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ የዘመኑ ተማሪ ሐሳቡ የት እንዳለ አይታወቅም።

ሜዳው ላይ ረጅሟ ቁንጫን ጎትታ አስገባቻትና ሳታስበው ኳስ ወረወረችላት፤ ግንባሯን መታት። ቁንጫ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «ሁለተኛ አልገባም።»

ረጅሟ ከኋላዋ መጣች። «አያትሽ ዓይኗን ትጨፍናለች ብለው ነበር። ዋሽተዋል! እስኪመታሽ ድረስ እያየሽው ነበር።»

ቁንጫ አየችኝ። እኔ ደመና እያየሁ ነበር።

ተነስታ ገባች።

ረቡዕ፣ 20

ቸኩያለሁ፤ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። ራሷ ነች «ሰዓት ደረሰ» ያለችኝ። ራሷ!

ዓርብ፣ 22

ወጣን። ሁለት ጊዜ «ወራጅ አለ» አለች። አንዱ ጫማ፣ አንዱ ድመት ለማየት። ድመቱን እኔ አላየሁትም።

በቀኝ እጇ አንድ ኳስ መታች፤ መረቡን አለፈ። እንደ ሌባ ዙሪያዋን አየች። ማታ ሳህኗን ጨረሰች፤ የስፖርት ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች። በሯን ገርበብ አድርጌ ትንፋሿን ሰማሁ። ቆሜ ቆየሁ። እድሜዬ ለዚህ አይሆንም፤ እግሬ ደነዘዘ።

ሰኞ፣ 25

ዝናብ። መጋረጃው ተዘግቷል። የአንደኛው ፈተና ውጤት መጥቶ ኖሯል፤ ወድቃለች። የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ቅርጫት ውስጥ የተቀደደ ወረቀት ነው። «አልሄድም» አለች። «ዳገቱ እኮ...» ስል «ዛሬ አትውጣ፣ አባባ፣ እባክህ» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናቷ ደወለች። «ተኝታለች፣ ስፖርት አድክሟታል» አልኳት። ለምንድን ነው እውነቱን የማልነግራት? ሩቅ ስላለች? ወይስ እውነቱን ከተናገርኩት እውነት እንዳይሆን?

የማታ ጽሑፍ፦

በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። አምስት ልጆች ዝናብ አበስብሷቸው ደጃፌ ላይ ቆመዋል፤ ረጅሟ ራሷን ጉበኑ እንዳይመታት ጎንበስ ብላለች።

«እንደምን አመሹ፣ አባት። አንድ ሰው ጎደለን። የት ገባ ብለን ነው።»

ቁንጫን ጠራሁና ወጥ ቤት ገባሁ። ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር አንድ ስስ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ ይህ የእኔ ጥፋት አይደለም፣ የግንበኛው ነው።

«እኔ እኮ አልችልም» ትላለች ቁንጫ። «የምትሸነፉት በእኔ ምክንያት ነው።»

«በአንቺ?» አለች ባለመነጽሯ። «እኛ ካንቺ በፊትም ስንሸነፍ ነው የኖርነው!»

«ስድስት ሆነን መሸነፍ ነው የምንፈልገው» አለች ረጅሟ። «በአምስት ስንሸነፍ ያሳፍራል። ዛሬ በአንቺ ቦታ ጥበቃውን አስገባነው። ኳሱን በዱላው ነው የሚመታው።»

ሲወጡ ወለሉ ሐይቅ ሆኖ ነበር። ቁንጫ ወጥ ቤት መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ» አለችኝ፣ ያልሰማሁት ይመስል። «ጎደልሽን አሉኝ።»

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ለዚህ ነው ዓይኔ። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት ለምን እንደላጥኩ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ 30

ነርሷ ደረጃው ላይ ያዘችኝ፤ በዚህኛው ዙር እሷ ነች የጠበቀችኝ። «አባባ፣ ደረትዎን ያምዎታል?»

«ደረቴ እንደ ብረት ነው። ጥርሴ ነው።»

«የትኛው ጥርስ?»

«የወጣው።»

አልሳቀችም። «መቼ መቼ ነው የሚያምዎ?»

«ዳገት ላይ።»

ዘንቢሏን እንደገና መሬት አስቀመጠች። ሰው ዘንቢሉን መሬት ሲያስቀምጥ ደስ አይለኝም። «ነገ ሐኪም ቤት ይምጡ። ዳገቱ ይቅርብዎ።»

«ስድስተኛዋን ማን ያደርሳታል?» አልኳት። አልገባትም። ወይም ገብቷታል።

የሞተር ድምፅ ሰምቼ የትኛው ቡሎን እንደላላ የምናገር ሰው ነበርኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። እኔን አይመለከትም።

ማክሰኞ፣ 3

ኮሌጁ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል፦ «የመዝናኛ ስፖርት ጥቅሞች።» ጤና ይሰጣል ይላል፤ እንቅልፍ ያሻሽላል፤ ጓደኛ ያፈራል፤ የጊዜ አጠቃቀም ያስተምራል። ሥሩ ኳስ የያዘ፣ ጥርሱ ሁሉ የተሟላ ልጅ ሥዕል አለ። ሁሉም እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁንጫ ትተኛለች። ትበላለች። ትምህርት ቤትም ተመልሳለች፤ መምህራኑ በተአምር ድነዋል። ግን ዋናውን ዘለውታል። ያን ማታ ዝናብ ላይ የመጡትን አምስቱን የሚገልጽ ቃል እዚያ የለም። ነገሩ ሰው ሲቀር የሚያጎድልበት ቦታ ማግኘቱ ነው። እኔ ለጻፈው ሰው ብነግረው ይሻል ነበር።

ሰዓቱን ግን አልጠየቀችኝም። መሳቢያዬ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ግድግዳዋም ባዶ ነው።

ሐሙስ፣ 5

ደረጃው ሥር ቁንጫና ነርሷ ሲንሾካሾኩ ደረስኩባቸው። የሰማሁት ጫፉን ነው። «...ዳገት ላይ ፊቱ አመድ ይመስላል። እኔ ነኝ የማስቆመው።»

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልጠየቅኩም። ሰፈሩ በሽማግሌ የተሞላ ነው።

ማታ «ቅዳሜ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለችኝ። «እምቢ ካልክ ጫማህን አይጥ ይወስደዋል።»

አይጡን አወቀችው! ካልሲዬን ነካ አደረግኩ። ቁልፉ እዚያው አለ። «ከመጪው ሳምንት ጨዋታ በኋላ» አልኳት። ተስማማን። መስማማት አልነበረብኝም። ወይም አልነበረባትም።

ማክሰኞ፣ 10

ደግማ የተፈተነቻቸው ሌሎች ሁለት ትምህርቶች ውጤት ዓርብ ይወጣል። ራቷን ግማሹን ተወችው። ሹካዋን ሳህኑ ላይ አስተካክላ፣ ማንኪያዋን አስተካክላ... እንደዚያን ጊዜ። ልክ እንደዚያን ጊዜ።

«ዓርብ አትምጣ፣ አባባ። ብቻዬን የምሄድበት አለኝ» አለችኝ።

«የት?»

«አለኝ።»

ፊት ለፊት ጠይቃት ብላኝ ነበር ነርሷ። «ቁንጫ፣ ራስሽን...» አልኩ። «ራስሽን አሞሻል?» አልኩና ጨረስኩት። የፈሪ ጥያቄ። «አይ» አለች። በሩ ተዘጋ።

ዓርብ፣ 13

ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ግንባሬን ሳመችኝ። ስማኝ አታውቅም፤ እኔ ነኝ የምስማት።

ቀትር። ስልኳ አይነሳም።

ከሰዓት። አይነሳም። ክፍሏ ተስተካክሏል። አልጋው ተነጥፏል።

ለእናቷ ደወልኩ። እውነቱን ነገርኳት። ሁሉንም። ጩኸቷ ገና ጆሮዬ ላይ ነው፤ መንገድ ጀምራለች። ነርሷ ሥራ ላይ ናት። ዝናብ መጣ። ሰዓቷን ከመሳቢያ አውጥቼ እጄ ላይ አሰርኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እወጣለሁ።

እሑድ፣ 15

አልጋ ላይ ነኝ፤ የራሴ ያልሆነ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈዋል፤ ስተነፍስ አንድ ሳጥን ይቆጥርልኛል። ነርሶቹ ከእጄ ላይ የሴት ሰዓት ሲፈቱ ያሉትን አልጽፍም። ደብተሩን ቁንጫ አመጣችልኝ፤ አላነበበችውም ብዬ ማመን መርጫለሁ።

ዳቦ ቤቱ ጋ አልቆምኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፌርማታ ጥሼ አለፍኩ። ፋርማሲውንም። በዚያ ረጅሙ ዳገት ላይ የሌለው ጥርሴ መንጋጋዬን፣ አንገቴን፣ ክንዴን ያዘ፤ አልቆምኩም። ወራጅ አለ የሚል አልነበረም። ድንጋይ አጥሩን በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ።

አጥሩ ጫፍ ላይ ስደርስ ከወዲያ ሳቅ ሰማሁ። አንዲት ልጅ ትስቃለች፤ ትንፋሽ አጥሯት፣ እንደገና ጀምራ፣ አላቆም ብላ። ቆሜ ሰማሁ። እንዲህ የምትስቅ ልጅ ያለው ቤት ምንኛ የታደለ ነው ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀናሁ። የእኔዋስ የት ናት ብዬ በሩን ገፋሁ።

ቁንጫ መረቡ ሥር ናት። አየር ላይ። ዘላለች።

ከዚያ መሬቱ ወደ እኔ መጣ።

የቀረውን ጥበቃው ነው የነገረኝ። መጀመሪያ ያየችኝ ቁንጫ ናት፤ «አባባ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ኮሌጁን በሙሉ ከመስኮት አስወጣው ይላል። ባለመነጽሯ ስፖርት ክፍሉ ባስተማራቸው የመጀመሪያ እርዳታ መሠረት ደረቴን ትጫን ጀመር። ስድስቱ ተሸክመው የመምህሩ መኪና ውስጥ ከተቱኝ፤ ያው ኳስ የሚያርፍበት መኪና። «እስከዛሬ አንድ ነገር ሳይጥሉ ሲያደርሱ ያየሁት አንተን ብቻ ነው» አለኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «ጥርስዎ አይደለም፣ አባት። ልብዎ ነው» አለኝ። ነገ ጠዋት ሊከፍቱኝ ነው። የልቤ መንገዶች ተዘግተዋል አለ፤ ሌላ መንገድ ይቀጥሉልኛል። «ያሰጋል?» አልኩት። «ጊዜ አልፎበታል» አለ። ይህ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ልጄ ከመንገድ በቀጥታ መጥታ እግሬ ሥር ተቀምጣለች። እስካሁን አልተቆጣችኝም። ይህ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኛል።

ቁንጫ ዓርብ የሄደችው የኮሌጁ አማካሪ ጋ ኖሯል፤ ረጅሟ ናት ይዛት የገባችው። ከፈተናው አንዱን አልፋለች፣ አንዱን ወድቃለች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋ አግዳሚው ሥር ነበር።

«ለምን ሳምሽኝ?» አልኳት።

«ፈርቼ ነበር» አለች። «ሁለቱንም ብወድቅ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፣ አባባ። ለአማካሪዋም ነገርኳት። ገና ብዙ አለብኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቁልፌን አንተ እንደወሰድከው ያኔውኑ ነው ያወቅኩት። ስትራመድ ካልሲህ ይጮህ ነበር።»

ልጄ አንገቷን ደፋች። እኔም ቀልድ ፈለግኩ፤ አጣሁ። የቁንጫን እጅ ያዝኩ።

ሰዓቷን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ እጇ ላይ አሰረችው። «ነገ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ ልይበት» አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ጣቷን ቀሰረችብኝ፦ «ነገ ወራጅ የለም፣ ሾፌር።»

አሁን ሁሉም ሄደዋል። ነገ ምን እንደሚሆን ስለማይታወቅ ደብተሩን አስተካክዬ መተው አለብኝ። ጥርሱ እውነት ነው። አዋጁም፣ ማንኪያውም እውነት ነው። የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰኞ፣ 4፣ ቁንጫ አልሳቀችም። ቀና እንኳ አላለችም። ጥርሴን በማንኪያ ይዤ ብዙ ቆምኩ፤ ከዚያ ቁጭ አልኩ። ሳቋን ክፍሌ ገብቼ እኔው ጻፍኩት።

ያን ማታ ስቃ ቢሆንማ አጥሩ ጋ ሳቋን በለየሁት ነበር።